በኅዳር ጽዮን የተሳልኩት

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አስተማሪዬ ቤት እንዳታገኝ ለማርያም ተሳልኩ። ስለቴም ሠመረ።

እንዲህ ብዬ ስጀምር ክፉ ልጅ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ክፉስ አልነበርኩም። ተራ የምትጠብቅ፣ ተራዋ እንዳያልፋት የምትፈራ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ። ቲቸር ትርሲትን ያኔ አንቱ ነበር የምላት። ዛሬ እድሜዬ ያኔ ከነበረችበት ስላለፈ፣ «እሷ» እያልኩ ባወራ የምትቀየመኝ አይመስለኝም።

መንደራችን ከወገዳ በእግር ሦስት ሰዓት ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ያኔ ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ ሰው ተረባርቦ በእንጨትና በጭቃ ያቆመው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው የሚረግፍ። መስከረም ላይ ትምህርት የሚጀመረው ፊደል በመቁጠር አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ ጭድ ይዞ ይመጣል፣ ትልልቆቹ ጭቃውን በእግራቸው ያቦካሉ፣ እኛ ትንንሾቹ በእጃችን እየዛቅን ክረምት የበላውን ግድግዳ እንመርጋለን። ቲቸር ትርሲት የመጣች ቀን ያገኘችን እስከ ክርናችን ጭቃ ሆነን ነው። ሰማያዊ ሻንጣዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባችበት። እናቴ ዘነበች ይህን አይታ «ይችስ ትቆያለች» አለች።

የምትቆይበት ግን አልነበረም። በእኛ መንደር የሚከራይ ቤት አይታወቅም። ቤት ማለት አንድ ነው፤ ሰውም፣ ከብትም፣ እህልም እዚያው ነው። አባቴ ባዩ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበር ጭንቁ እሱ ላይ ወደቀ። በመስከረም ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ጎረቤታችን አስካለ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ነገሩን አነሳው። ቄስ ተክለ ማርያም ጽዋውን ባርከው ካቀመሱ በኋላ ትንሽ አሰብ አደረጉና ጠየቁት።

«የማርያም ጽዋ ማን ቤት ይኖራል?»

«በተራ ነዋ አባ። በየወሩ ይዞራል።»

«እንግዲያስ መምህርቷም በተራ ትደር። ጽዋው የገባበት ቤት እሷም ትግባ። እስከዚያው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል እንሥራላት። ለፋሲካ ይደርሳል።»

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። የእኛ ተራ ስምንተኛ ነው፤ ሚያዝያ ሃያ አንድ። ይህን ማንም ሳይነግረኝ በጣቴ ቆጥሬ ደረስኩበት።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ እልል ይባላል። ቲቸርም እንደዚያው ናት። በየወሩ በሃያ አንድ ጽዋው ከፊት፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ከኋላ ሲሄዱ ደጅ ላይ ቆሜ አያለሁ። ለማንም ሰው የማይደረግ ክብር ለእሷ ተደረገላት እያልኩ እቀና ነበር። ልብሷን ከሻንጣው አውጥታ ሰቅላ እንደማታውቅ፣ የሰው ማዕድ ላይ እንደ እንግዳ እየተሽኮረመመች ጠግቤያለሁ ማለት እንዳበዛች፣ ደብተራችንን የምታርመው በየሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንደነበር የተገለጠልኝ እኔም በሰው ቤት ካደርኩ በኋላ ነው።

ቤቷ መሠራቱ አልቀረም። ሰው በደቦ ማገሩን አቆመ፣ እኛም በየዓርቡ ውሃና ጭድ እያመጣን ግድግዳውን መረግን። አንዲት ትንሽ መስኮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወጣችለት። ሃያ አምስት ቆርቆሮ ከወገዳ በአህያ መጣና፣ ጣራ የሚያስርልን አናጢ እስኪገኝ እኛ ቤት ከጎታው ጀርባ ተደገፈ። ቲቸር አንዳንድ ቀን ምክንያት ፈጥራ ትመጣ ነበር። ወንፊት ልዋስ ትላለች፣ ባዩ አለ ወይ ትላለች። ከዚያ ከጎታው ጀርባ ትገባና ቆርቆሮውን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ትወጣለች። ቆርቆሮ የምትወድ ሴት መሰለችኝ።

እኔ ቆርቆሮውን ጠላሁት። ቤቱ ለፋሲካ ካለቀ የእኛ ተራ ከመድረሱ በፊት ገብታ ልትኖርበት ነው። እነ አስካለ ያገኙት በረከት እኛን ሊያልፈን ነው። ኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲያስቀድስ፣ ከሴቶች መቆሚያ ግድግዳ ተጠግቼ ተሳልኩ። የትልልቅ ሰዎች ስለት ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ ቃሉን ራሴ ፈጠርኩት።

«እመቤቴ፣ እኔ ትንሽ ነኝ፤ የምለምንሽም ትንሽ ነገር ነው፤ ብዙ አላስቸግርሽም። የቲቸር ቤት እንዳያልቅ። እኛ ቤት እንድትገባ። አንድ ጧፍ አመጣልሻለሁ።»

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ነፋስ የአንደኛ ክፍልን ጣራ ገነጠለው። በጎቹን ከእናቴ ጋር እያስገባን ነበር። ቆርቆሮው ከፍ ብሎ ሲዞር አየሁት፤ ግማሹ ተጣምሞ እርሻ ላይ ወደቀ፣ ግማሹ ገደል ገባ። ቅዳሜ መሆኑ በጀ። ሰኞ ቢሆን ኖሮ ምን ይኮን ነበር እያለች እናቴ ፊቷን አማተበች። እኔ ግን በሆዴ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ማርያም ሰማችኝ ወይስ ጣራ ተሳሳተች?

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ የተገነጠለው ክፍል አጠገብ ተሰበሰበ። የበልግ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሌላ ቆርቆሮ የሚገዛበት የለም። ዓይኖች ሁሉ ወደ አባቴ፣ ከአባቴም ወደ ቲቸር ዞሩ። ቄስ ተክለ ማርያም ናቸው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ሃያ አምስቱ ቆርቆሮ ያንቺ ነው። ሕዝቡ ላንቺ ብሎ ነው ያወጣው። እንዳልሽው ይሆናል።»

«እሷ እንደሁ ቤት አላጣች» አለ ይሁኔ። ያን ወር ቲቸር ያረፈችው እሱ ቤት ነበር። «አሥራ ሁለት ቤት ያላት ሴት ናት። ልጆቹ ሰማይ ስር ይማሩ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ቲቸር አልሳቀችም። ጣራ የሌለውን ክፍል አየች፣ ቀጥላ አጠገቡ የቆመውን፣ መስኮቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የዞረችውን ቤቷን አየች። 

«ለልጆቹ ይሁን» አለች። «ለከርሞ ግን…»

የቀረውን የሰማ የለም። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሁሉ ይልቅ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሻንጣዋን ይዛ ከይሁኔ ቤት ወጣች። ጽዋው ገና አልተንቀሳቀሰም፤ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል። እናቴ ደጅ ላይ አገኘቻትና ምንም ሳትጠይቃት ሻንጣውን ከእጇ ተቀበለቻት።

«የይሁኔ ሚስት ዓርብ ገበያ ከተማ ሄዳለች?» አለቻት።

«አዎ። ትናንት።»

«ግቢ በይ፣ ልጄ። ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትመለሽም።»

እናቴ ያን ቀን የቤታችንን በር መወርወሪያ አባቴን ደጋግማ አሠራችው። እኔ የገባኝ ማርያም ተራችንን በአሥራ ሁለት ቀን ማስቀደሟ ነው። ስለቴ ከጠየቅሁት በላይ ሠመረ ብዬ በደስታ ዘለልኩ። ዛሬ፣ መቀርቀሪያ በሌለው ክፍል ውስጥ ብዙ ያደርኩ ሴት አስተማሪ ሆኜ፣ ያ ቀን ምን እንደነበር ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም። አባቴ ከይሁኔ ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ በአንድ መሶብ አልቆረሰም፤ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም።

ያ ወር የልጅነቴ ምርጥ ወር ነበር፤ ይህን መናገር ያሳፍረኛል። መደቡ ላይ ከጎኔ ትተኛለች። ጠዋት አብረን ትምህርት ቤት እንሄዳለን፣ በአዲሱ ጣራ ስር፣ እኔ ከፊት ረድፍ። ከትምህርት መልስ ቀይ ሹራብ ትሠራ ነበር። በየሁለት ቀኑ ትጠራኛለች።

«ሰብለ፣ ጀርባሽን ስጭኝ።»

ክሩን ትከሻዬ ላይ ትለካለች፣ እጅጌውን እስከ አንጓዬ ትዘረጋለች፣ ፈገግ ትላለች። ለእኔ እንደሚሠራ አልተጠራጠርኩም። ለማንስ ሊሆን ይችላል?

አንድ ቅዳሜ እሷና እናቴ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ እኔ ድንጋይ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር። ዝቅ ብለው ነው የሚያወሩት።

«ለመስከረም አመጣሻለሁ ብያት ነበር» አለች ቲቸር።

«አምጫታ። አንቺ ከበላሽበት ትበላለች።»

«በየወሩ በሰው ቤት? እኔ ሻንጣዬን ይዤ ስዞር እሷን በየትኛው እጄ ልያዛት፣ እት ዘነበች? የይሁኔን ቤት አይተሻል። ሴት ልጅ ይዤ እንዲህ ያለ ቤት እገባለሁ?»

«እናትሽስ?»

«ዓይናቸው እየደከመ ነው። አሁን እሷ ናት እሳቸውን የምትመራቸው።»

እናቴ የታጠበውን ነጠላ ሳትጨምቀው ያዘችው። እኔ ሌላ ሴት አስተማሪ ልትመጣ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ሁለት ቲቸር ማለት ሁለት ተራ ነው።

ግንቦት አንድ፣ ልደታ ማርያም፣ ስለቴን ልከፍል ቲቸርን ይዣት ሄድኩ። እንቁላል ሸጬ የገዛሁትን ጧፍ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ። ቅጽሩ ውስጥ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ ክብሪቱን እሷ ጫረችልኝ።

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?» አለችኝ።

ሽልማት የምቀበል መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«የአንቱ ቤት እንዳያልቅ። እኛ ቤት እንዲገቡ።»

ክብሪቱ ጣቷ ድረስ ነደደና ጠፋ። ጧፉ አልበራም። አስቆጥቻት ይሆን ብዬ ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ለነበረው ነገር ያኔ ስም አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

«ሰማችሽ?»

«ሰማችኝ። ነፋሱን ላከችው።»

ሌላ ክብሪት ጫረች። ነበልባሉ አልረጋ አለ፤ ነፋስ መስሎኝ በነጠላዬ ከለልኩላት። ጧፉን አብርተን ካቆምነው በኋላ እንደ መንበርከክ ብላ ወደ እኔ ዝቅ አለች።

«ቃሉ እንዴት ነበር? በይ እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አስደገመችኝ። ከዚያ ራሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደገመችው፣ ልክ እኛ ፊደል ስንይዝ እንደምናደርገው። ቲቸርን ያስተማርኳት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ቤት ልትሰናበት መጥታ ቀዩን ሹራብ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ለክረምት ወደ ንፋስ መውጫ፣ እናቷ ዘንድ፣ ልትሄድ ነው። ሹራቤን ይዛብኝ ስትሄድ አኮረፍኩና ጎታው ጀርባ ገብቼ ተደበቅሁ። ስሜን ስትጠራ ሰማኋት። ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። አልወጣሁም።

ያን ክረምት ጣራ ያላገኘው ቤቷ ፈረሰ። መስከረም ስትመለስ ከማገሩ በቀር የቀረ ነገር የለም፤ ማገሩንም ሰው ለማገዶ እየሰበረ ወሰደው። ለከርሞ የተባለው ለከርሞ ተላለፈ። ሁለተኛ ዙር ተራ ዞረች። ከዚያ ሰው ሲሰለች አስካለ ከከብት ቤቷ ጥግ በቃጫ ጋረደችላት፣ እዚያ አራት ዓመት ኖረች። በድምሩ ስድስት ዓመት አስተምራን፣ ዝውውር ወጥቶላት ሄደች። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ወገዳ እማር ስለነበር አልተሰነባበትንም።

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት ሞላ። አሁን እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን የማስተምረው እኔ ነኝ። የማድረው እናቴ ቤት ስለሆነ ከዕድለኞቹ እቆጠራለሁ። የአራተኛ ክፍሉ መምህር ፍሬው ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ በጠመኔ ካርቶንና በተሰበረ ወንበር መካከል ነው የሚተኛ። እጮኛው እንዴት እንደሚኖር ለማየት እመጣለሁ ባለችው ቁጥር መንገዱ ተበላሽቷል ይላታል።

ባለፈው ኅዳር፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ግቢው በር ላይ ቆማ አየሁ። በእኔ እድሜ ናት። ከአስፋልቱ እዚህ ድረስ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ አቧራ ሆኗል። ሰላም ብያት ማንን ፈልገሽ ነው አልኳት።

«ሰውስ አልፈለግሁም» አለች። «ሊድያ እባላለሁ። እናቴ እዚህ አስተማሪ ነበረች፤ ትርሲት ትባላለች። ጳጉሜ ላይ ዐረፈች። አብረን እንኖርበታለን ያለችኝን ቤት ልየው ብዬ ነው።»

ትርሲት ልጅ እንዳላት ያን ሰዓት ነው የሰማሁት። ያኔ ሰባት ዓመት የሞላት፣ ዓይናቸው የደከመ አያቷን እየመራች፣ ለመስከረም አመጣሻለሁ የተባለች። ወንዙ ዳር የሰማሁት ሁሉ ቃል በቃል ተመለሰልኝ፤ አጥሩን ያዝኩ።

«የትኛው ቤት?» ብቻ ነው ያልኩት።

«እዚሁ ግቢ አጠገብ ነው ስትለኝ የኖረችው። አንዲት መስኮት አለችው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምታይ። አልጋዬ ከመስኮቷ ስር እንደሚሆን ነግራኛለች።»

ወሰድኳት። ያለው ጉልበት የማይደርስ የአፈር ክምር ነው፣ ሳማ በቅሎበታል። ዙሪያውን ሄደች። መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር በእጄ አሳየኋት። ወደዚያ ዞራ የማርያምን ጉልላት አየች፤ በዚህ ብቻ እናቷ አልዋሸቻትም።

«ጣራውስ?» አለችኝ።

ወደ ክፍሌ አስገባኋት። ልጆቹ ውጭ ናቸው። ወደ ላይ ጠቆምኳት። ሃያ አምስቱም አሉ፤ ዝገዋል፣ ሁለቱ ተበስተዋል። ለምን እዚህ እንደወጡ ስነግራት አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማችኝ።

«ቤታችንን ለሰው ሰጥታ ነዋ እኔን የተወችኝ» አለች። ድምጿ ውስጥ ክስ አልነበረም፤ ያ ባሰብኝ። «በዓመት ሁለቴ ነበር የማያት። እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ እናቴን አንቱ ነበር የምላት፣ እንደ እንግዳ። አንድ ጊዜ ቀይ ሹራብ ሠርታ አመጣችልኝ። ስለብሰው እጅጌው ከጣቴ አለፈ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልኬን አታውቀውም ነበር።»

ትከሻዬን ክር የነካው መሰለኝ። 

«ያን ክረምት ነው ስለት ያስተማረችኝ» ብላ ቀጠለች። «ማርያም የልጅ ትሰማለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቤታችን እንዲያልቅ አንቺ ተሳይልኝ አለችኝ። በየዓመቱ በኅዳር ጽዮን ተሳልኩ። አምስት ዓመት። ቃሉ እስካሁን አልጠፋኝም። እመቤቴ፣ እኔ ትንሽ ነኝ፤ የምለምንሽም ትንሽ ነገር ነው…»

«ብዙ አላስቸግርሽም» አልኩ እኔ።

ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ ከየት አወቅሽው?»

ነገርኳት። ምንም አላስቀረሁም፣ ጧፉንም፣ ክብሪቱንም፣ እልልታዬንም። ነፋስ ነፋስ መሆኑን አውቃለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። እሷም ታውቃለች። ግን ሁለታችንም ያን ዓመት ሰባት ዓመታችን ነበር፣ የለመንነውም አንዲት ማርያምን ነበር።

ሊድያ እንደገና ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ውጭ የተሰቀለው ቸርኬ ተደወለ፣ ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ።

«ትንሽ ልቀመጥ?» አለችኝ።

ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከወንበሩ ስር አልገባ ብሏት ወደ ጎን አዞረችው። አጠገቧ ያለችው ልጅ ጠጋ አለችላት። የስም መጥሪያ ደብተሬን ከፍቼ ጠራሁ። ሠላሳ ስምንቱም አቤት አሉ። ከኋላ ረድፍ ያልተጠራ አንድ ስም ነበርና ደብተሩን መዝጋት አቃተኝ።